ሦስተኛው በሞቴ

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ከግድግዳው ወዲያ የመጣ ድምፅ ነው፤ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚያሰማውን ይመስላል። ይማም ዓይኑን ሳይገልጥ አዳመጠ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሰምቶታል፤ ሰውነቱ ግን ዛሬም አልለመደውም።

«በሞቴ፣ ይችን ብቻ» አለ አንድ ወንድ ከሴት ልጁ ክፍል ውስጥ።

ድምፁ የይማም ነበር። ሻከር ያለው፣ መጨረሻው ላይ ወደ ሳቅ የሚያዘነብለው፣ የራሱ የይማም ድምፅ። ይማም ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ አፉን ዘግቶ ተኝቷል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ይማም ልጁን ይለምናል።

«ሰኪናዬ፣ አንድ ጉርሻ። እኔ ልሙት።»

ቀደም ሲል ከዚህ በኋላ የሰኪና መልስ ይሰማ ነበር። «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ጠግቤአለሁ» የሚል፣ ጥርት ያለ፣ ከመጽሐፍ የሚነበብ የሚመስል መልስ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን መልሱ ቀርቷል። ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ያ ድምፅ፣ የሱ ድምፅ፣ «እሰይ!» ይላል ደስ ብሎት። ምን እንዳስደሰተው ይማም አያውቅም። አንድ ቀን ልጁን ጠይቋት ነበር፤ «ጨዋታው ነው አባ» ብላው ጫማዋን ማሰር ቀጠለች።

በኮምቦልቻ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ከትምህርት በፊት መንታ የሚባል ጨዋታ ይጫወታል። የጨዋታውን መነጽር ያደርግና አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጭኑ ላይ ይዘረጋል። ጨዋታው ሰው ያመጣበታል። አንዱ ሲጋራ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ክኒን፣ አንዱ የሞተር ቁልፍ፣ አንዷ «እቤት ማንም የለም» የሚል ወሬ። ጨዋታው ሦስት ጊዜ ቀጭ ይላል፤ በዚያ መሐል ልጁ ያስባል። ከዚያ ይመርጣል፤ የመረጠበትንም ምክንያት ጮክ ብሎ ይናገራል። ምክንያት የሌለው ምርጫ ትክክል ቢሆን እንኳ አይቆጠርም።

መጥፎ ነገር አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል። መንታ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ጠዋት ጠዋት ቦርከና ወንዝ ዳር ፈዘው የሚገኙትን ልጆች፣ በየሰፈሩ የሚተከለውን የለቅሶ ድንኳን፣ ድንኳኑ ውስጥ ማንም ቀና ብሎ የማያያትን እናት። አሁን ድንኳን አከራዮቹ የሚኖሩት በሠርግ ብቻ ነው። ማታ ማታ ወላጅ በር ላይ ቆሞ ልጁን አይጠብቅም። ልጁ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ለምን እዚያ እንዳለም ያውቃል፤ ልጁ ራሱ ነግሮታልና።

ልጆቹ ግን ቀጭታውን ከጨዋታው ይዘውት ወጡ። ማንም አላስተማራቸውም። መንገድ ሊሻገሩ ሲሉ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ይቆሙና በምላሳቸው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ፤ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚያሰማው። ኳስ ሜዳ ላይ አጥቂው በረኛው ፊት ይደርስና ይቆማል። በረኛውም ይቆማል። ተመልካቹ ይጠብቃል። ከዚያ አጥቂው «ለአብዱ አቀብላለሁ፤ ምክንያቱም እሱ የተሻለ ቦታ ላይ ነው» ይልና ያቀብላል። አብዱም ይቆማል። ጎል ድሮም በኮምቦልቻ ብዙ አልነበረም፤ አሁን ጭራሽ ጠፋ።

በግራ እጃቸው አንጓ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ነጭ ዶቃ ያስራሉ። ዶቃዋ ትሰማለች። ልጁ እምቢ ያለውን ነገር ሰው ሁለተኛ ካቀረበለት ቢጫ ትሆናለች። ሦስተኛ ካቀረበለት ትቀላለች። ዶቃው የቀላችበት ልጅ ይነሳል፣ ያንን ሰው ትቶ ይወጣል። በጨዋታው ውስጥ ሺህ ጊዜ አድርጎታል፤ ከጨዋታው ውጭም እግሩ ያውቀዋል።

ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ገበታ ዙሪያ እንዳደጉ የሚያውቅ የለም። በደንቡ ክኒን ሻጩም ገፊ ነው፣ «በሞቴ ብላ» የሚል አባትም ገፊ ነው። እንዲያውም የመንታ የመጨረሻው ደረጃ «የወላጅ ገበታ» ይባላል። ልጁ መነጽሩን ሲያደርግ የራሱን ቤት ያያል፤ የራሱን ጠረጴዛ፤ አባቱን ወይም እናቱን፣ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ሲዘረጉ። ድምፁን የሚሰጠው ቤተሰቡ ነው። ይማምም ከሁለት ዓመት በፊት መንታ ቢሮ ሄዶ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ግድግዳ እያየ «በሞቴ»ን ደጋግሞ ተናግሯል። «ትንሽ ከልብዎ ያድርጉት» ብለውት ነበር። ከልቡ አደረገው።

በዚህም የተነሳ የከተማው ወላጅ ገበታ ላይ የሚናገረው እስከ ሁለት ነው። «ብይ።» «ጨምሪ እንጂ።» ከዚያ ዝም። ዝምታው መጀመሪያ ጉሮሮ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ነበር፤ እየቆየ ግን ጉሮሮው ራሱ ሆነ።

*

ይማም ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው፤ መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወት እና አያ ሙሄ አሉ። አያ ሙሄ ራሰ በራ ናቸው፤ የሚስተካከል ነገር የላቸውም። በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ግን የሳቸው ናት። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ጠዋት መጥተው ለአሱር ሶላት ሲጠራ ይሄዳሉ፤ ኪሳቸው ቆሎ አያጣም።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ፉአድ የሚባል የሰኪና ክፍል ልጅ ነበር። ሰኪና ጥግ ላይ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ሰሞኑን ደግሞ ይበልጥ ቀጥናለች።

«ከጎንና ከጎን ምን ያህል ልቀንሰው?» አለ ይማም።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «በቁጥር ሁለት፤ ምክንያቱም ሙቀቱ ጨምሯል።»

«ከላይስ?»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «ከላይ አይነካ፤ ምክንያቱም ጆሮዬ ትልቅ ነው። ካጠረ ጎልቶ ይታያል።»

«እውነቱን ነው» አሉ አያ ሙሄ ከአግዳሚያቸው። «ጆሮው ከአያቱ ነው። አያቱ ንፋስ ሲነሳ በጎን ነበር የሚሄዱት።»

ሰኪና በፎጣው አፏን ሸፈነች። ፉአድ አልሳቀም፤ ይሳቅ አይሳቅ እየወሰነ ነበር።

ይማም አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲዞር አያ ሙሄ ቆሎ ዘግነው መጡ። «እንካ የኔ ልጅ፣ ተቀበለኝ።»

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ፀጉር ይገባበታል።»

«ፀጉር ሆድ አይወጋም። እንካ።»

የፉአድ ዶቃ ቢጫ ሆነች። ይማም መቁረጫውን ከልጁ ራስ ላይ አነሳ። «አያ ሙሄ፣ ይተዉት።»

«ምን አልኩት? ቆሎ ነው እኮ፣ መርዝ አልሰጠሁት። አይዞህ፣ እንካ፣ በሞቴ።»

ዶቃዋ ቀላች።

ፉአድ ተነሳ። አልተቆጣም፤ ፊቱም አልተለወጠም። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ራሱ ተከርክሞ ግማሹ እንደጎፈረ፣ «እወጣለሁ፤ ምክንያቱም ተገፍቻለሁ» ብሎ ወጣ። ጨርቁ ከኋላው እየተርገበገበ መንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሰና ቆመ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ተሻገረ። ማዶ አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጆች አዩት። አንድም የሳቀ የለም።

አያ ሙሄ እጃቸው ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀሩ።

«ግማሽ ራሱን ይዞ?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ በሌሉበት ይመለሳል» አለ ይማም ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር እየጠረገ።

«እንግዲህ ቆሎም ክኒን ሆነልሃ።» ሄደው ተቀመጡ። ከቆሎው አንድ ፍሬ አፋቸው ውስጥ ጣሉ፤ አላኘኩትም።

«አያ ሙሄ» አለች ሰኪና ከጥግ። «በእናንተ ጊዜ ሦስተኛ ሲባል ምን ይደረግ ነበር?»

«ምን ይደረጋል፣ ይበላል እንጂ! ስሚ የኔ እናት። ሰው ቤት ስትሄጂ፣ ብሉ ሲሉሽ አንደኛውን እምቢ ትያለሽ። አንጀትሽ እየጮኸ እምቢ ትያለሽ፤ አለዚያ እቤት ስትመለሺ እናትሽ ትቆነጥጥሻለች። ሁለተኛ ይሉሻል፤ ያንንም እምቢ። ያኛው እንግዲህ ሰዎቹን ለማየት ነው። ሦስተኛ ‹በሞቴ› ሲሉሽ እጅሽን ትታጠቢና ትቀርቢያለሽ።»

«ለእምቢታው ምክንያት አይጠየቅም?»

«የምን ምክንያት? እምቢታ ነው እንጂ ክስ ነው እንዴ።»

«ሦስተኛው ካልመጣስ?»

አያ ሙሄ የተረፈውን ቆሎ ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ካልመጣማ ተርበሽ ትሄጃለሽ። ሁለተኛም እዚያ ቤት አትረግጪ።»

ሰኪና የያዘችውን ፎጣ አጠፈች፤ ፈታች፤ መልሳ አጠፈች። ያን ስታደርግ ቀጭ አላለችም። ይማም መስታወቱ ውስጥ አይቷታል፤ ግን እጁ ሥራ ላይ ስለነበር ነገሩን አላሰበበትም።

*

በማግስቱ ይማም መንታ ቢሮ ተጠራ። የሰኪና አማካሪ ወይዘሮ ትርሲት ትባላለች። ሠላሳዎቹን አልፋለች፤ ከመጀመሪያዎቹ የመንታ ልጆች አንዷ ናት ይባላል። ክፍሏ ነጭ ነው፤ ወንበሩ ሰውን ወደ ውስጥ ይውጣል።

«ሻይ ላስመጣልዎት አቶ ይማም?»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ አመሰግናለሁ» አለ። ሻይ ሳይጠጣ ነበር የመጣው፤ ጉሮሮው ደርቋል።

«እሺ» አለችና ወንበሯን ሳበች። ሻዩ በዚያው ቀረ።

«ሰኪና የመጨረሻውን ደረጃ ከጨረሰች ሰነበተች» አለች። «በጣም ጥሩ ውጤት ነው።»

ይማም ግራ ገባው። «ታዲያ ማለዳ ማለዳ የምትጫወተው ምንድነው?»

ትርሲት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለች። ትልቅ ሰው ሲያደርገው ማየት ያሳፍራል፤ ይማም ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ገበታውን ትከፍተዋለች» አለች። «ማንም ሳያዛት። ያ አባት፣ የእርስዎን ድምፅ የያዘው፣ ብይ ይላታል፤ ዝም ትላለች። ሁለተኛ ይላታል፤ ዝም። ሦስተኛ በሞቴ ሲላት ትጎርሳለች።»

«ትጎርሳለች?»

«በየማለዳው። ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ።»

«እዚያ ውስጥ ምን ይቀመሳል?»

«ምንም። አየር ነው።» እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «የጠራሁዎት ለዚህ ነው። ይሄ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ለግፊት መሸነፍ። ያ ድምፅ እየጎተታት ነው። ላይ ቤት እንድትገባ ጋብዘናታል። አውቶቡሱ ነገ ጠዋት ነው። መሄዱም መቅረቱም የራሷ ውሳኔ ነው፤ እስካሁን መልስ አልሰጠችም።»

ላይ ቤትን ይማም ያውቀዋል። ከከተማው በላይ ጥዱ ውስጥ ያለው ረጅም ነጭ ሕንፃ ነው። እዚያ ማንም ማንንም ሁለት ጊዜ አይጠይቅም። የገቡት ልጆች ለአረፋ ወደየቤታቸው ይመጣሉ፤ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ይቀመጣሉ። ስለ ሁሉም ነገር ያመሰግናሉ። ምግብ ሳይቀርብ ይሄዳሉ። የፉአድ ታላቅ እህት እዚያ ናት፤ እናታቸው ባለፈው አረፋ ማግስት ይማም ሱቅ ገብታ ምንም ሳትስተካከል ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ጥሩ እንግዳ መጥታብኝ ነበር» አለች፤ ተነስታ ሄደች። ከላይ ቤት ወጥቶ ተመልሶ ከቤተሰቡ ጋር የኖረ ልጅ የለም። የከለከላቸው ሰው የለም። ለመመለስ የሚሆን ምክንያት አጡ እንጂ።

«ቅሪ ልላት እችላለሁ?» አለ ይማም።

«ይችላሉ። አንድ ጊዜ። ግፋ ቢል ሁለት። ሦስተኛ ካሏት ትነሳለች፤ ያኔ የወሰደችብዎት ዶቃዋ ነች ማለት ነው። እንደዚያ የሄደ ልጅ ለአረፋም አይመጣም።»

ይማም ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። «እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

«ወንድ ልጅ አለኝ።»

«ገበታ ላይ ምን ይሉታል?»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። «ምንም አልለውም» አለች ትርሲት፤ «ምክንያቱም ሳህኑን ያየዋል።»

*

ሲመለስ አያ ሙሄ ሱቁ ደጃፍ ቆመው ነበር። ነገሩን ነገራቸው። ምርኩዛቸውን አስፋልቱ ላይ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረጉ።

«በላታ! ምን ትጠብቃለህ? ሦስተኛ በላት።»

«ትናንት ፉአድን አላዩትም?»

«እሱ የሰው ልጅ ነው። ይቺ ያንተ ናት።»

«ዶቃ የማንም ልጅ ቢሆን አትለይም አያ ሙሄ።»

«አንተ ይማም» አሉ። ቀጥለው የሚሉት ነገር የነበራቸው ይመስል ነበር፤ ግን እሳቸውም ከተማው ውስጥ ኖረዋልና ሁለተኛ አልደገሙትም። «አብሽር» ብለው ብቻ ሄዱ።

የዚያን ቀን እራት ምስር ነበር። ሰኪና ከዳር ከዳር ነካ ነካ አደረገች። ይማም አንድ ጊዜ ጨምሪ አላት፤ ሌላውን ለጠዋት አስቀመጠው።

«አባ፣ ድምፅህን የሰጠህ ቀን ምን እያሰብክ ነበር?»

«ከልብህ አድርገው ሲሉኝ ነው?» ሳቅ አለ። «አንቺን ነዋ። እናትሽ የሞተች ሰሞን አምስት ዓመትሽ ነበር። አልበላም ብለሽ አልጋ ሥር ገባሽ። እኔም ሳህኑን ይዤ ተከትዬሽ ገባሁ። እዚያው በሆዴ ተኝቼ ነው ያጎረስኩሽ። ወገቤን የያዘኝ ያኔ ነው።»

«በስንተኛው በላሁ?»

«ኧረ ማን ቆጠረ!»

ሰኪና ወደ ሳህኑ አየች። «ያኛውም አይቆጥርም» አለች ዝግ ብላ።

ይማም የትርሲት ቃል ትዝ አለው። ያ ድምፅ እየጎተታት ነው። እንዳይገፋት ቃላቱን አለዝቦ፣ «ስለ ነገው ምን ወሰንሽ?» አላት።

«ጠዋት እነግርሃለሁ» አለች። ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

*

ቅዳሜ ማለዳ ይማም ዓይኑን ሳይገልጥ ጠበቀ። ቀጭታው አልመጣም። ድምፁም አልመጣም። ከግድግዳው ወዲያ ዝም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ሲጠላው ኖሮ፣ ዛሬ ሲቀር ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው የወጣ መሰለው። በጀርባው ተኝቶ ራሱን ፈለገ፤ የለም።

ተነሳና ጨጨብሳ ሠራ። ቂጣውን ቆራርሶ በቅቤ አሸ፤ ማሩን ከጎን በስኒ አስቀመጠ። ከቤቱ ጀርባ ቧንቧው ሲንሿሿ ተሰማ። ትንሽ ቆይታ ሰኪና ገባች። ሻርፗን አስራለች። ቦርሳዋ በሩ ጋ ነው፤ ሞልቶ ይሁን ባዶ አያስታውቅም። የግራ እጇን አንጓ ፈትታ ዶቃዋን ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረችና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ላይ ቤት የሚገቡ ልጆች ዶቃ እንደማያስፈልጋቸው ይማም ሰምቷል።

«ብይ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

«ይቅርብኝ አባ።»

ይማም ቀሪውን ጠበቀ፤ ምክንያቱም የሚለውን። አልመጣም። እንቅልፍ አልጠገበች ይሆናል አለ በልቡ።

ከሳህኑ መሐል፣ ቅቤው ከጠለቀበት፣ አንድ ቁራሽ አነሳ። ማር አስነካው። እጁን ዘረጋ። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁን እንዲህ ዘርግቶላት አያውቅም፤ ጣቶቹ እንደ እንግዳ ሰው ጣት ታዩት።

«አንዲት ብቻ ሰኪናዬ። ደግሞም… ቅሪ። እዚሁ ከኔ ጋር ሁኚ።»

«አይ፣ አባ።»

ቀጭ አላለችም። ምክንያት አላለችም። አልተነሳችም። ሁለት እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጉርሻውን ታያለች። ከንፈሯ ገርበብ ብሏል።

ሦስተኛው ይማም አፍ ውስጥ ነበር። ክብደቱም ሙቀቱም ይሰማዋል። ከቃሉ ጋር ግን ፉአድ መጣበት፤ ግማሽ ራሱ፣ የሚርገበገበው ጨርቅ፣ ያ ምንም የማይነበብበት ፊት። ለአረፋም አይመጣም። ማሩ በጣቱ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ። ውጭ አውቶቡሱ መጥቶ ሲቆም ተሰማ።

ይማም እጁን መለሰ። ጉርሻውን ሳህኑ ዳር አስቀመጠው።

«እሺ» አለ። «እንደወደድሽ።»

ሰኪና ሳህኑ ዳር ያለውን ጉርሻ ጥቂት አየችው። ከዚያ ተነሳች። ቦርሳዋን አነሳች። ስታነሳው ቀላል ነበር።

ይማም ትንሽ ቆሞ ሳህኑን ሊያነሳ ሲል ጠረጴዛው ላይ ሁለት የእጅ አሻራ አየ፤ እርጥብ ነው። እጇን ታጥባ ነበር የቀረበችው። ዶቃዋ ከጨው ዕቃው አጠገብ እንደተኛች ናት። ሁለተኛውን ሲላት ቢጫ መሆን ነበረባት። ነጭ ናት። ከእጅ የወጣች ዶቃ አትሰማም።

በሱቁ በኩል ሮጦ በሩ ላይ ደረሰ።

ልጆቹ ተሰልፈዋል። አውቶቡሱ ሹፌር የለውም፤ በሩ ነው የሚጠይቀው። «ምክንያት?» ይላል ለእያንዳንዱ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

«እገባለሁ፤ ምክንያቱም ትኩረቴ ይጨምራል።»

«ምክንያት?»

«እገባለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ የሚገፋኝ የለም» አለ ፉአድ። አንዱ ጎኑ አሁንም እንደጎፈረ ነበር። አልተመለሰም። ማንም አላስተካከለውም።

«ምክንያት?» አለ በሩ።

ሰኪና አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። ወደ ኋላ ዞራ አባቷን አየችው፤ ጣቱ ላይ ማር እንዳለ፣ የሱቁን በር በአንድ እጁ ይዞ። በመካከላቸው የመንገዱ ስፋት ብቻ ነው። በሹክሹክታ ቢናገር ይሰማል።

የአውቶቡሱ በር ጠበቃት። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

አግዳሚው ላይ የነበሩት አያ ሙሄ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ወደ ይማም ቀና አሉ።

ይማም አፉን ከፈተ። ቃሉ እዚያው ነበር። ምላሱ ግን ሳያዘው ላንቃው ላይ ተጣበቀ።

ቀጭ አለ ይማም። ቀጭ። ቀጭ።

ሰኪና ፊቷን መለሰች። ለበሩ ምንም አልመለሰችለትም። ገባች፤ በሩም ተዘጋ።